ሥራ ያገኘላት ሰው ፈቃድ ነበረው ወይ?

የዛሬው ረዘም ይላል። ባንድ የምታገናኙ፣ ሠርግ የምታዘጋጁ፣ "አንድ ጎበዝ ዘፋኝ አለች፣ ላናግርልህ?" የምትሉ ሁሉ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሩ ኪሳችሁን ይነካል።

ከሦስት ወር በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት የድሮ ተማሪዎቼ ሎስ አንጀለስ ያለው ቤቴ መጡ። አብረው አልመጡም። ለየብቻ ጠርቼ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ሁለቱንም አዲስ አበባ ሳለሁ አስተምሬያቸዋለሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ የነበሩ ልጆች ናቸው። ይህን ለመጻፍ ሁለቱንም አስፈቅጃለሁ። ስማቸውን አልጠራም። የገመታችሁ ካላችሁም እባካችሁ ኮሜንት ላይ አትጥሩብኝ።

እሷ ዘፋኝ ናት። እሱ ቀን ቀን ታክሲ ይነዳል። አራት ዓመት ሙሉ የእሷን ነገር የያዘው እሱ ነበር። ወደ ሠርጉ ይወስዳታል፣ ማይክ ይፈትሻል፣ ፍላየር ያሠራል፣ ቪዲዮዋን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። ሥራም ያገኝላት ነበር። ሳንዲያጎ ሠርግ አለ ሲባል ይደውላል፤ ኦክላንድ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት አለ ሲባል ይደውላል። ዋጋ ይነጋገራል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ቀሪውን ከዝግጅቱ ማግስት ይሰበስባል። ከእያንዳንዱ ሥራ 15 ፐርሰንት ሊወስድ በቃል ተስማምተዋል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። "ወንድምና እህት አይደለን እንዴ!" ነው ነገሩ።

ባለፈው ዓመት ተለያዩ። በምን እንደተጣሉ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም። በእሱ ደብተር መሠረት ያልተከፈለው ኮሚሽን 9,300 ዶላር ነው። እሷም መጀመሪያ ላይ "ዕዳ አለብኝ፣ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ" ትል ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር የገባው ሰው እንዲህ አላት፦ "ፈቃድ አለው? ከሌለው ሰባራ ሳንቲም አትስጪው። እንዲያውም የሰጠሽውን አስመልሺ።"

እሱ ይህን ሲሰማ ደም ፍላቱ ተነሳ። "ቲቸር፣ እኔ ኤጀንሲ ነኝ እንዴ? እኔ እኮ ወንድሟ ነኝ! ለአንድ ስልክ ጥሪ ፈቃድ የሚጠይቅ ምን ዓይነት አገር ነው?" አለኝ።

በዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ጠበቃ አይደለሁም። የዕለት እንጀራዬ የታክስ ወረቀት መሥራት ነው። ግን ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ሳያውቅ አይፈርድም ብዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ያገኘሁትንና የደረስኩበትን አቋም ነው የማካፍላችሁ።

*

እዚህ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነገሩን የሚገዛው የታለንት ኤጀንሲዎች ሕግ ይባላል። የሚገኘው በንግድ ሕግ ውስጥ እንዳይመስላችሁ፤ በሠራተኛ ሕጉ ውስጥ ነው፣ ከአንቀጽ 1700 ጀምሮ። ለአርቲስት ሥራ ማስገኘት፣ አስገኛለሁ ብሎ ማቅረብ፣ ቃል መግባት ወይም ለማስገኘት መሞከርን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ከሌበር ኮሚሽነር ፈቃድ ማውጣት አለበት ይላል። አርቲስት የሚለው ደግሞ ሰፊ ነው። ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ ባንድ፣ የዜማና የግጥም ደራሲ፣ ሞዴል፣ ዳይሬክተር፣ ሁሉም ይገባሉ። የሆሊውድ ኮከብ ብቻ ነው የሚል ቃል የለበትም። ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወተውም ሙዚቀኛ ነው።

ልብ በሉ፣ ሕጉ ስምህን አይጠይቅም። "ማናጀር ነኝ"፣ "ወንድሟ ነኝ"፣ "አማካሪ ነኝ" ብትል ዋጋ የለውም። የሚጠይቀው የሠራኸውን ነው። ይህ ከጥንት የተፈረደ ጉዳይ ነው። ጀፈርሰን ኤርፕሌን የሚባለው የሳን ፍራንሲስኮ ባንድ ከማናጀሩ ጋር በተጣላ ጊዜ፣ ውሉ ላይ ማናጀሩ ሥራ የማስገኘት ግዴታም ሥልጣንም እንደሌለው ተጽፎ ነበር። ባንዱ ግን በተግባር ሥራ ሲያስገኝልን ነበር አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የወረቀቱ ቃል ብቻ አያድንም፣ በተግባር የሆነው ይታያል አለ። በ1995 ደግሞ ዌይስብረን በሚባለው ሰው ጉዳይ ሌላ ይግባኝ ፍርድ ቤት ጨመረበት፦ ሥራ ማስገኘቱ ዋና ሥራህ ባይሆንም፣ ከሌላው ጋር አልፎ አልፎ ያደረግኸው ቢሆንም ፈቃድ ያስፈልግሃል አለ።

"እኔ አልደወልኩም፣ እነሱ ናቸው የደወሉልኝ" የሚል መከላከያም አለ። እሱም አያስተማምንም። የሌበር ኮሚሽነሩ ቢሮ ስልኩን ማን ጀመረው ሳይል፣ ሥራውን ለማስገኘት መነጋገሩን ብቻ አይቶ የወሰነባቸው ጊዜያት አሉ።

ፈቃድ የሌለው ሰው ምን ይሆናል? እስር የለም፣ ወንጀልም አይደለም። ነገር ግን አርቲስቱ ሌበር ኮሚሽነር ዘንድ ከቀረበ ውሉ ሊፈርስ፣ ያልተከፈለ ኮሚሽን ሊቀር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የተከፈለውም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለተማሪዬ የተነገራት ነገር ከንቱ ወሬ አልነበረም።

*

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ይህ ሕግ ከየት መጣ?

ሥሩ በ1913 የወጣው የግል ሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች ሕግ ነው። ያን ጊዜ ከነበሩት ስጋቶች ሁለቱን ልንገራችሁ። አንደኛው፣ አገናኙ ከአዳራሹ ባለቤት ጋር ተሻርኮ ገንዘብ መካፈሉ ነው። አርቲስቱ "የእኔ ሰው ነው" ብሎ ያምናል፤ ሰውየው ግን ከወዲያኛው ወገንም ይበላል። ሁለተኛው፣ "ሥራ አገኘሁልሽ" እያሉ ወጣት ሴቶችን ወደማይሆን ቤት መላክ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። አሁን ይህን የምታነቡ ሴት ድምፃውያን፣ ሁለቱንም ታውቋቸው የለም?

ይህን ለልጁ ስነግረው አንድ ነገር አለ፤ እሱን አልረሳውም። "ቲቸር፣ ኤጀንሲ ማለት ለእኔ ዐረብ አገር ሰው የሚልክ ነው። እሷ ዘፋኝ ናት፣ የቤት ሠራተኛ አይደለችም" አለኝ።

ብዙዎቻችን የምናስበው እንዲህ ነው። ኤጀንሲ ሲባል ወደ ቤይሩትና ወደ ጂዳ የተላኩ እህቶቻችን ይታዩናል። አገራችንም የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን ያወጣችው፣ ደላላና ኤጀንሲ በሰው ልጅ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በብዙ እንባ ካየች በኋላ ነው። ታዲያ ዘፋኝን ከዚያ ጋር ማወዳደር ስድብ ይመስላል።

እኔ ግን ስድብ አይደለም እላለሁ። ሥራ ፈላጊ ሥራ ፈላጊ ነው። ቋንቋውን የማታውቅ፣ ዋጋውን የማታውቅ፣ ከፋዩን በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሰው፣ ወጥ ቤት ትግባ መድረክ ላይ ትውጣ፣ በመካከል ባለው ሰው እጅ ናት። መከራው እኩል ነው አላልኩም፤ በፍጹም እኩል አይደለም። የተቀመጡበት ቦታ ግን አንድ ነው። ሕግ አውጪዎቹም ሙዚቀኛውን ከሠራተኛ ሕግ ውስጥ ያስቀመጡት ስለናቁት ሳይሆን፣ ሠራተኛ መሆኑን ስላወቁ ነው። እኛ ነን "አርቲስት" እያልን ከፍ አድርገን ሰቅለን፣ ደሞዙን ስንከለክለው የማናፍረው።

አዝማሪ ቤት ሽልማቱ ግንባር ላይ ነው የሚለጠፈው። ሁሉም ሰው ያያል። አዝማሪው ላቡንም ብሩንም ራሱ ያብሳል። አሁን ግን ብሩ ግንባር ላይ መለጠፉ ቀርቶ በስልክ ወደ ሌላ ሰው አካውንት ይገባል፣ ዘፋኟም ስንት እንደገባ አታውቅም። ለውጡ ይህ ነው፤ ጥያቄውም የሚነሳው ከዚህ ነው።

*

ፈቃድ ሲባል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ብቻ አይምሰላችሁ። ሕጉ ከፈቃዱ ጋር የሚያመጣውን እዩልኝ፦

1. አመልካቹ የጣት አሻራ ይሰጣል፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያውቁት ሁለት የተከበሩ የአካባቢው ሰዎች ጠባዩን ይመሰክሩለታል። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ "ዋስ ጥራ" እኮ ነው!

2. የ50,000 ዶላር ቦንድ ያስይዛል። ሙሉውን ገንዘብ ቆጥሮ ያስቀምጣል ማለት አይደለም፤ ለዋስትና ድርጅት በየዓመቱ የተወሰነ ክፍያ ይከፍላል። ገንዘብ ይዞ ቢጠፋ ግን አርቲስቱ የሚሄድበት አለው።

3. የአርቲስቱን ገንዘብ ሲቀበል ከራሱ ገንዘብ ጋር አይቀላቅልም። በአደራ ሒሳብ ያስገባል፣ ኮሚሽኑን ቀንሶ በ30 ቀን ውስጥ ለአርቲስቱ ይሰጣል።

4. ስንት ፐርሰንት እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ለሌበር ኮሚሽነሩ ያስገባል፣ ቢሮው ውስጥም ይለጥፋል።

5. የመመዝገቢያ ክፍያ አይቀበልም። "መጀመሪያ 300 ዶላር ክፈይ፣ ከዚያ ሥራ እንፈልግልሻለን" የሚል ካለ ሩጡ።

ሦስተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። የአደራ ሒሳብ! እኛ አደራ የሚለውን ቃል ስንሰማ ጀርባችን ቀጥ ይላል። አደራ የበላ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። የእነሱ ሕግ ያደረገው ይህንኑ ነገር በባንክ ቁጥር ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ለምን ይህን ያህል አጠብቃለሁ? ሌላ ተማሪ አለኝ፣ ኪቦርድ ተጫዋች። በየዓመቱ በሐምሌ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በሚደረግበት ሳምንት፣ ከኳስ ሜዳው ውጪ በከተማው ውስጥ ስንት የግል ፓርቲና ኮንሰርት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ልጁን አንድ አገናኝ ለሦስት ሌሊት ሥራ ወሰደው። ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ መድረክ ላይ ወጣ። ሦስተኛው ሌሊት ሲያልቅ አገናኙ ግማሹን ሰጥቶት "ቀሪውን ሰኞ እልክልሃለሁ" አለው። ሰኞው እስካሁን አልመጣም። የአዳራሹ ሰው "እኔ ሙሉውን ከፍያለሁ" ይላል። አገናኙ ስልክ አያነሳም። ልጁ ማንን ይክሰስ? ውል የለ፣ ቦንድ የለ፣ የተመዘገበ ስም የለ። የቀረው ነገር ፌስቡክ ላይ መሳደብ ብቻ ነበር። እሱንም ከለከልኩት።

*

እንግዲህ ፈቃድ ያስፈልጋል ስል ሁሉም ሰው ላይ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ መደናገር ስላለ እንለይ።

ፕሮሞተር፣ አዳራሽ ተከራይቶ ዘፋኙን በራሱ ገንዘብ ቀጥሮ፣ ቲኬት ሸጦ የሚያተርፍ ወይም የሚከስር፣ ገዢ እንጂ አገናኝ አይደለም። ራሱ ቀጣሪ ነው። ሠርጉ የራሱ ሆኖ ባንድ የሚቀጥር የሙሽራው አጎትም እንደዚያው። ሥራ ማስገኘት ማለት ከሦስተኛ ሰው ዘንድ ማስገኘት ነው።

የሪከርዲንግ ውል፣ ማለትም የአልበም ኮንትራት ማስገኘት ብቻውን ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሕጉ በስም አውጥቶታል። ማማከር፣ ልብስ መምረጥ፣ ፎቶ ማስነሳት፣ መንዳት፣ ሶሻል ሚዲያ መያዝም አያስፈልጋቸውም። ፈቃድ ባለው ኤጀንት ጥያቄ፣ ከእሱ ጋር ሆኖ በውል ድርድር መርዳትም ይፈቀዳል።

ችግሩ የእኛ ሰው አራቱንም ኮፍያ በአንድ ራስ ላይ መድረቡ ነው። ቅዳሜ ፕሮሞተር ነው፣ በራሱ ገንዘብ ዘፋኟን ይቀጥራል። እሑድ "ለአንድ ወዳጄ ሠርግ ላናግርልሽ" ብሎ ኮሚሽን ይቆርጣል። ሰኞ ማናጀር ነው። ማክሰኞ ለአዳራሹ ባለቤት ሰው ያመጣልና ከዚያም ይቀበላል። ዘፋኟ ዛሬ ከየትኛው ሰው ጋር እየተነጋገረች እንደሆነ አታውቅም። አንዳንዴ እሱም አያውቅም።

*

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሕጉን እደግፋለሁ ካልኩ በኋላ፣ ቅጣቱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ።

ሌበር ኮሚሽነር ዘንድ የሚደርሱት ማናጀሮች ገንዘብ ይዘው የጠፉት ብቻ አይደሉም። አርቲስቱ ሲያድግና ሲለያዩ "ኮሚሽኔ" ብለው የጠየቁም አሉበት። ለዓመታት ማንም ያልጠየቀው ፈቃድ የሒሳብ ቀን ይጠየቃል። የበላ ከነገንዘቡ ይሰወራል፣ ታግሦ የቆየ ይቀጣል።

ፍርድ ቤቱም ይህ ታይቶታል። ሮሳ ብላሲ የምትባል የቴሌቪዥን ተዋናይትና ማራቶን የሚባል የማናጀሮች ድርጅት ተካሰው ነበር። ክርክሩ በአንድ ተከታታይ ድራማ ደሞዟ ላይ ስለሚታሰብ 15 ፐርሰንት ነው። በ2008 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ማናጀርም ቢሆን ሥራ ካስገኘ ሕጉ ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ አንድ ሕገወጥ ነገር ስለሠራ ብቻ ያደረገው ሁሉ የግድ ከንቱ አይሆንም፤ ሕጋዊው ከሕገወጡ ሊነጠል የሚችል ከሆነ ይነጠላል። ሁሌ ይነጠላል አላለም፤ እንደ ጉዳዩ ነው። ለእኔ ግን ከአነበብኩት ሁሉ ፍትሕ የሸተተኝ እዚህ ላይ ነው። ማናጀሮች በማኅበራቸው በኩል ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር፤ በ2015 በይግባኝም ተረቱ። ስለዚህ ሕጉ ይኖራል።

ኒውዮርክ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። እዚያም ለመድረክ ሥራ አገናኝ የኤጀንሲ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ኮሚሽኑም ለብዙው ሥራ ከ10 ፐርሰንት አያልፍም። ሆኖም የአርቲስቱን ሥራ የሚያስተዳድር ማናጀር፣ ሥራ ማፈላለጉ እግረ መንገድ የሆነ እንደሆነ ከፈቃዱ ነጻ ነው። ዲሲና ኒውዮርክ ያላችሁ ወዳጆቼ "የኛው ይሻላል፣ ልብ ያለው ሕግ ነው" ትሉኛላችሁ። (ዲሲዎች፣ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው፤ የኒውዮርክን ለራሳችሁ አትውሰዱ።)

እኔ ግን "እግረ መንገድ" የሚለው ቃል ያስፈራኛል። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሁሉም ነገር እግረ መንገድ ነው! ኪቦርዲስቱን ያጣ ልጅ የተወሰደው እግረ መንገዱን በሚሠራ ሰው ነው። ዋና ሥራው ሬስቶራንት ነበር።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። መስመሩ መሰመር ያለበት ስልክ ደወለ አልደወለ ላይ ሳይሆን፣ የአርቲስቱን ገንዘብ ያዘ አልያዘ ላይ ነው። ስልክ ደውሎ "እነሆ ቁጥሯ፣ ራሳችሁ ተስማሙ፣ በቀጥታ ለእሷ ክፈሉ" ያለ ሰው ወዳጅ ነው። ዋጋውን የተስማማ፣ ቀብዱን በስሙ የተቀበለ፣ ቆርጦ የሚሰጥ ሰው ግን፣ ወንድም ቢሆንም እህት ቢሆንም፣ ባለ አደራ ነው። ባለ አደራ ይመዝገብ፣ ዋስ ይጥራ፣ ሒሳቡን ይለይ። ሕጉ አሁን ሁለቱንም በአንድ ገመድ ያስራል፤ ለትንንሾቹ አነስ ያለ ቦንድና ቀለል ያለ ፈቃድ ቢኖር፣ ቅጣቱም እንደ ጥፋቱ መጠን ቢሆን እመርጣለሁ። እስኪሻሻል ድረስ ግን ያለው ሕግ ሕግ ነው። "ትንሽ ነን፣ አይመለከተንም" አያዋጣም። ሕጉ ትንሽን ከትልቅ አይለይም፤ አገናኙም ሲበላ አይለይም።

"ፈቃድ ሲበዛ ሥራው ይጠፋል፣ ወጣት ዘፋኞች ማን ያወጣቸዋል?" የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለበት። አራት ዓመት ሌሊት ለሌሊት የነዳ ልጅ ባይኖር ተማሪዬን የሚያውቃት አልነበረም። ነገር ግን በሕጉ ላይ የተጻፈው የዓመት ክፍያ 225 ዶላር ነው፣ ማመልከቻው 25 ዶላር። ከባዱ ቦንዱና ሒሳብ መያዙ ነው። በዓመት ሃያ ሠላሳ ሥራ የሚያገናኝ ሰው ይህን ካልቻለ፣ የሌላውን ሰው ደሞዝ በኪሱ መያዝም አልነበረበትም።

*

ወደ ሁለቱ ልጆች ልመለስ።

እንደ ሕጉማ ቢሆን እሷ ሌበር ኮሚሽነር ዘንድ ሄዳ ብዙ ልታገኝ ትችል ነበር። ነገርኳት። እሱንም ፊቱ ላይ ነገርኩት፦ "ያለ ፈቃድ ሠርተሃል፣ ወንድሟ መሆንህ አያድንህም።" ዝም አለ። ቀጥዬ እሷን ደግሞ ጠየቅኋት፦ "ሌሊት በስምንት ሰዓት ከቬጋስ ነድቶ ያመጣሽ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር?" አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ደብተሩን አስመጣሁት። ከብላሲ ፍርድ ያነበብኩትን ሐሳብ ተውሼ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። በአንድ በኩል መንዳት፣ ፍላየር፣ ቪዲዮ፣ የድምፅ ፍተሻ፣ ማለትም ማንም ፈቃድ የማይጠይቅበት ድካም። በሌላ በኩል ዋጋ መነጋገርና ሥራ ማስገኘት። ለመጀመሪያው እሷ በሦስት ጊዜ 4,000 ዶላር ልትከፍል ተስማማች። ሁለተኛውን እሱ ተወው። እሷም የከፈለችውን ላለማስመለስ ቃል ገባች። ፍርድ ቤት እንዲህ ይወስን ነበር አልላችሁም። እርቅ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ባለፈው ወር ገብቷል። አብረው አይሠሩም፣ ግን ሰላም ይባባላሉ።

አንድ ነገር ደብቄ ላልፍ ነበር፤ ግን ልናገር። እኔም ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ወዳጄ ልጅ ሠርግ ባንድ አገናኝቻለሁ። ቀብዱ በእኔ እጅ አለፈ። ባንዱ ሲጨርስ "ለቲቸር" ብለው 200 ዶላር በፖስታ ሰጡኝ፤ ተቀብያለሁ። ምስጋና መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ፖስታ ከአምስት ሰው ደሞዝ የተቆረጠ ነው። ከዚህ በኋላ ቁጥር እሰጣለሁ እንጂ ብር በእጄ አያልፍም።

ስለዚህ፣ ልጆቼ፦

ዘፋኝና ሙዚቀኛ የሆናችሁ፣ ሥራ አገኘሁልሽ ላለ ሰው መጀመሪያ "ገንዘቡ በማን ስም ነው የሚገባው?" ብላችሁ ጠይቁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሆናችሁ የሌበር ኮሚሽነሩ ድረ ገጽ ላይ የኤጀንሲውን ስም ጽፋችሁ ፈቃድ እንዳለው ማየት ትችላላችሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቅሬታ ካላችሁ አንድ ዓመት ሳያልፍ አቅርቡ።

አገናኝ የሆናችሁ፣ በቋሚነት የምትሠሩት ከሆነ ፈቃዱን አውጡ። ካልሆነ ወይ ገዢ ሁኑ፣ ወይ ቁጥር ብቻ ስጡ፣ ወይ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ሥሩ። መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ፤ እኔ የታክስ ሰው ነኝ።

ሠርግ የምትደግሱ ወላጆች፣ ስትከፍሉ "ከዚህ ላይ ለዘፋኟ የሚደርሳት ስንት ነው?" በሉ። ነውር አይደለም። ለሙሽሪት ቬሎ ስንት እንደሆነ ትጠይቁ የለ?

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። በተለይ በአውሮፓና በእስራኤል መድረክ የምትሠሩ፣ በእናንተ በኩል እንዴት እንደሆነ ብታካፍሉን ሌላውም ይማራል። ስም ሳትጠሩ፣ ሳትሳደቡ። እንደ ክፍል ውስጥ፣ እጅ እያወጣችሁ።

ሰላም ሁኑልኝ።